በር አጠገብ የሚቀመጡ

የሚመጡት ፌስታል ይዘው ነው። ፌስታሉ ውስጥ የልብ ኢሲጂ ወረቀት አለ፤ አንዳንዴም ሁለት ሦስት። የደረት ራጅ አለ፣ የደም ውጤት አለ፤ አቅም ያለውማ የልብ ኢኮም ተነሥቷል። ሁሉም ደህና ነው ይላል። ደህና ነህ መባል የሚያሳርፍ ይመስላል፤ እነዚህ ሰዎች ግን ከየምርመራው የሚወጡት ይበልጥ ፈርተው ነው። ሐኪሙ «ምንም የለብህም» ሲላቸው የሚሰማቸው «በሽታህን አላገኘነውም» የሚለው ነው።

የማንንም ምስጢር ላለማውጣት የብዙዎችን ታሪክ አዋህጄ አንድ ሰው ልሥራ። ባለትዳር ነው፤ ባንክ ውስጥ ይሠራል። አንድ ማታ ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና ታክሲ ይሳፈራል፤ የደረሰው የኋላ ወንበር ነው፤ ከሦስት ሰው ጋር ተጣቦ ይቀመጣል። መስኮቱ ዝግ ነው። ክፈቱ ቢልም ማን ሰምቶት! ንፋስ ይመታናል ይላሉ። መንገዱ ተዘጋግቶ ታክሲው ሲቆም ልቡ ድው ድው ማለት ይጀምራል። ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጣቶቹና ከንፈሩ ይደነዝዛሉ፣ ላብ ያጠምቀዋል። ሞትኩ ይላል። «ወራጅ አለ!» ብሎ ሰው እየረገጠ ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ይለቀዋል፤ እሱም መውረዴ አዳነኝ ብሎ ያምናል።

በሕክምና ፓኒክ የምንለው ይህንን ነው። አድሬናሊን የሚባለው ሆርሞን ሲለቀቅ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽም ይከተላል። ትንፋሹ ከሰውነት ፍላጎት በላይ ሲበዛ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ጣትና ከንፈር የሚደነዝዘው፣ ራስም የሚዞረው በዚህ ነው። አየር አጠረኝ የሚለው ሰው እንዲያውም ከመጠን በላይ እየተነፈሰ ነው። ፍርሃቱ ብዙውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ፣ ሰውየው ወረደም አልወረደም፣ መብረዱ አይቀርም። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዳስረዳው፣ ነገሩን የሚያባብሰው ሰውየው ለስሜቱ የሚሰጠው ትርጉም ነው። ልቤ መታ፣ ስለዚህ ልሞት ነው ይላል፤ ይህ ያስፈራዋል፤ ሲፈራ ደግሞ ልቡ ይበልጥ ይመታል።

ይህንን በወረቀት ሥዬ ባሳየው በጨዋነት ራሱን ይነቀንቅልኛል እንጂ አያምነኝም። ስለዚህ እናደርገዋለን። ልቡ መመርመሩን፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ እንደሌለበት ካረጋገጥኩ በኋላ (እቤታችሁ ብቻችሁን አትሞክሩት) ሁለታችንም ቆመን፣ አፋችንን ከፍተን፣ ዳገት እንደወጣ ሯጭ ለአንድ ደቂቃ ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን። ሠላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ዓይኑ ይለዋወጣል። ጣቶቹን ዘርግቶ ያያቸዋል፣ ከንፈሩን ይነካል። «እሱ ነው! ዶክተር፣ እሱ ራሱ ነው!» ይላል። እኔም ጣቴ ደንዝዟል፤ እነግረዋለሁ። ቁጭ ብለን ዝም እንላለን፤ ውኃ አልሰጠውም፣ መስኮትም አልከፍትም። በራሱ ይለቀዋል። ያ ሁሉ ወረቀት ያላስረዳውን ይህች ደቂቃ ታስረዳዋለች። የሥራ ባልደረቦቼን መውቀሴ አይደለም፤ ደጁ ላይ ሃምሳ ሰው የሚጠብቀው ሐኪም ይህን የሚያደርግበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ሆኖም «ምንም የለብህም» ከማለት «ያለብህ ይህ ነው» ማለት የሚፈጀው ተጨማሪ ጊዜ ትንሽ ነው።

የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሰውየው እስከዚያ ድረስ ኑሮውን በበር ሲለካ ከርሟል። ታክሲ ውስጥ ጋቢና ካላገኘ ከረዳቱ አጠገብ ይቀመጣል። ሠርግ ሲጠራ ከዳሱ ጫፍ ነው። ክርስቲያን ከሆነ ቅዳሴ የሚቆመው ደጀ ሰላሙ ጋ ነው፤ ሙስሊም ከሆነ ለጁምዓ መጨረሻው ረድፍ ላይ። ሊፍት ትቶ ስድስተኛ ፎቅ በእግሩ ይወጣል፤ ከዚያ ልቡ መታ ብሎ ይደነግጣል። ቦርሳው ውስጥ ሃይላንድ ውኃ፣ ኪሱ ውስጥ ከጎረቤት የተካፈላት ዲያዚፓም አለች። ዲያዚፓም ለጊዜው ታሳርፋለች፤ ግን ሱስ ታስይዛለች፣ ሰውየውንም «ያቆመችኝ እሷ ናት» ታሰኘዋለች። በርና ውኃውም ያው ናቸው፤ ያድኑኛል ባለ ቁጥር ፍርሃቱ በራሱ እንደሚያልፍ የሚያይበትን ዕድል ይነጥቁታል። ጸበል የሚሄደውን አትሂድ አልልም፤ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት የጀመረ ከሆነ ግን እንዳያቋርጥ እለምነዋለሁ። ቡናን በተመለከተ፣ አቦሉን ጠጥቶ ቶናና በረካውን ቢተው ደስ ይለኛል፤ ጫት ካለ ደግሞ ሌላ ረጅም ወሬ ነው።

ብዙ ጊዜ ሚስት አብራ ትመጣለች፤ እስካሁን የተሸከመችውም እሷ ናት። «በየሰዓቱ እየደወልኩ ደህና ነህ ወይ እለዋለሁ» አለችኝ አንዷ። ፍቅር ነው፤ ግን በደወለች ቁጥር እጁን አንገቱ ላይ አድርጎ የልቡን ምት ይቆጥራል። ይህን ስነግራት «እና ልተወው?» ብላ ከፋት። አይተዉት፣ ይደውሉ፤ ግን ሽንኩርት ይዘህ ና ይበሉት አልኳት። ባልየው ሳቀ፤ እሷ ግን ወዲያው አልሳቀችም።

ለባንክ ሠራተኛችን የሰጠሁት የቤት ሥራ ያው ሜክሲኮ–አየር ጤና መስመር ነው፤ የኋላ ወንበር፣ መሐል፣ ያለ ውኃ፣ ያለ ስልክ። ጦር ኃይሎች ላይ ሲደርሱ መጣበት። አጠገቡ ያሉ እናት «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ? እንውረድ?» አሉት። እግዜር ይስጥልኝ፣ ያልፋል ብሎ ተቀመጠ። አየር ጤና ሲወርድ ሸሚዙ ረጥቦ ነበር። ደስ ብሎት እንደሚመጣ ጠብቄ ነበር፤ የመጣው ተናዶ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጋቢና ስሻማ የኖርኩት ለዚህ ነው? አለኝ። ቅዳሴ ላይ ከደጀ ሰላሙ ርቆ መቆሙ ገና ይቀረናል። እሱ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ይላል፣ እኔ የፊታችን እሑድ እላለሁ፤ ለጊዜው አልተስማማንም።