የእጭ ኑሮና የወባ ትንኝ የመራባት ኃይል

ስለ ወባ ትንኝ በክፍል ውስጥ ሲነገር ትኩረት የሚሰጠው ክንፍ አውጥታ ለምትነድፈው ሴቴ ትንኝ ነው። ይሁን እንጂ የአካሏ መጠንና እንቁላል የመጣል ችሎታዋ በአብዛኛው የሚወሰነው ገና በውኃ ውስጥ በእጭነት ሳለች ነው።

እንደሚታወቀው ትንኝ ከእንቁላል ወደ እጭ፣ ከእጭ ወደ ፑፓ፣ ከፑፓም ወደ ሙሉ ትንኝነት ትለወጣለች። ፑፓ አይመገብም፤ ክንፍ ያወጣች ትንኝም በአካል አታድግም። ስለዚህ በእጭነት ዘመን የጎደለውን ዕድገት በኋላ የሚገኝ የአበባ ማርም ሆነ ደም አይተካውም። ተመራማሪዎች የክንፍን ርዝመት በመለካት የእጩን ያለፈ ኑሮ የሚገምቱት ከዚህ የተነሣ ነው።

በዕድገቱ ላይ በተለይ ሦስት ነገሮች ይሠራሉ፤ እነርሱም ምግብ፣ መጨናነቅና ሙቀት ናቸው። ምግብ ባነሰበትና እጮች በተጨናነቁበት ውኃ ብዙዎቹ ይሞታሉ፤ የተረፉትም ዘግይተው ያድጋሉ፤ አካላቸውም ያንሳል። ሙቀት በመጠኑ ሲጨምር ዕድገቱ ይፈጥናል፤ የሚወጣው ትንኝ ግን ትንሽ ይሆናል። ትልቅ ሴቴ ብዙ ደም ስለምትመጥ ብዙ እንቁላል ትጥላለች። ትንሿ በአንጻሩ የመጀመሪያ እንቁላሎቿን ለማብሰል ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ የደም ምግብ ያስፈልጋታል፤ ስለዚህ ትንሽነቷ ብቻ ከአደገኛነት አያወጣትም።

የአገራችን ምሳሌ በቆሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ በኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ በአበባ ላይ ካለ በቆሎ የሚረግፈው ብናኝ በኩሬ ላይ ሲያርፍ የአኖፌለስ አራቢየንሲስ እጮች ይመገቡታል፤ በብዛት ያገኙትም ይበልጥ በሕይወት ተርፈው ትልልቅ ትንኞች ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 በቡሬ አካባቢ የደረሰውን የወባ ወረርሽኝ መሠረት ያደረገ ሌላ ጥናትም፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቀበሌዎች በሽታው እጅግ በዝቶ እንደነበር አረጋግጧል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛ፣ የእርሻ ዕቅድና የጤና ዕቅድ ተነጣጥለው ሊወጡ አይገባም፤ በቆሎው ከመኖሪያ ቤት ራቅ ብሎ ቢዘራ፣ በአካባቢው ያቆረ ውኃም ቢደፈን ወይም ቢንጣለል ይበጃል። ሁለተኛ፣ የእጭ ቁጥጥር በግማሽ የሚተው ሥራ አይደለም፤ ከፊሉ እጭ ብቻ ሲጠፋ የቀረው ቦታና ምግብ ሊተርፈው፣ ይበልጥም ሊፋፋ ይችላልና። መምህራን ተማሪዎቻቸውን በየሳምንቱ ወደ ሰፈር ኩሬዎች ወስደው እጮችን ቢያስመለክቱና ውኃውን ቢያስደፍኑ፣ ትምህርቱ ከመጽሐፍ አልፎ የኅብረተሰቡ መጠበቂያ ይሆናል።