መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም
በደጋ መንደሮች ስንዘዋወር፣ «መድኃኒት አጠጣነው፤ ከብቱ ግን ተመልሶ ከሳ» ሲባል እንሰማለን። ምክንያቱ ረግረጉ ነው። የጉበት ትል እንቁላል ከእበት ጋር ወጥቶ በውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ እጩ በትንሽ ቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ተራብቶ ይወጣና በሣር ላይ ይጣበቃል። ከብት ከሣሩ ጋር ሲውጠው፣ ጮርቃው ትል ጉበቱን እየቦረቦረ አልፎ በሐሞት ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል። ጉበቱ ይጠጥራል፤ ወተት ይቀንሳል፤ ከመንጋጋ ሥር እብጠት ሲታይ ጉዳቱ ገፍቷል።

አልቤንዳዞል የሚገድለው የጎለመሰውን ትል ብቻ ሲሆን፣ ትሪክላቤንዳዞል ጮርቃውንም ይገድላል። ሆኖም የታከመው ከብት ወደ ረግረጉ ከተመለሰ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ፣ ውድ ወገኖች፣ ገበሬው የእንስሳት ሐኪም እንዲያማክር፣ ረግረጉን እንዲያጥርና ከብቱን በገንዳ እንዲያጠጣ እንድታስረዱ አደራ እንላለን።