አሮጌ ፎቶግራፎችን በኮምፒውተር ማደስ፦ ጥቅሙና ጥንቃቄው

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ፣ አንድ ሰው ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ ቤተሰብ አስቀድሞ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ ፎቶግራፉ ነው። ምስሉ ጎላ ብሎ ታትሞ በለቅሶው ስፍራ ይቀመጣል፤ በአርባውና በሙት ዓመቱም ተመልሶ ይወጣል። ይሁን እንጂ አንዳንድ አረጋውያን ትተውት የሚያልፉት ምስል ለቀበሌ መታወቂያ ወይም ለሥራ ቅጥር የተነሱት ጉርድ ፎቶ ብቻ ሆኖ ይገኛል። እርሱም ቢሆን የደበዘዘ፣ ጠርዙ የተቀደደ፣ ከፊሉም በክብ ማኅተም የተሸፈነ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ ያለውን ምስል በኮምፒውተር ማደስ በአሁኑ ወቅት በየፎቶ ቤቱ የሚሰጥ አገልግሎት ነው። ሥራው ለቤተሰብ መጽናኛ ከመሆኑም በላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መዝገብ ቤት ለሚገኙ ምስሎችም ይጠቅማል። ነገር ግን በእድሳት ስም የሚደረግ ለውጥ የታሪክ ማስረጃን ሊያበላሽ ስለሚችል፣ የሚታደሰው ምን እንደሆነና የማይነካው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፎቶግራፍ የሚጎዳው በልዩ ልዩ ምክንያት ነው። እርጥበት ወረቀቱን ያሻግተዋል፤ የምድጃ ጭስ ያጠቁረዋል፤ የፀሐይ ብርሃን ያደበዝዘዋል። የቀድሞ ባለቀለም ፎቶግራፎች በጨለማ ቢቀመጡ እንኳ ከሦስቱ ቀለሞቻቸው ሰማያዊው ክፍል ቀድሞ ስለሚጠፋ ምስሉ ወደ ቀይነት ያደላል። በመስታወት ክፈፍ ውስጥ የኖረ ምስል ደግሞ ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። የተጣበቀውን በኃይል መላቀቅ የምስሉን ገጽ አብሮ ስለሚልጥ፣ ከነመስታወቱ ስካን ማድረግ ይመረጣል።

የእድሳቱ የመጀመሪያ እርምጃ ምስሉን በስካነር ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ነው። በዚህ ደረጃ የሚፈጸም ስህተት በኋላ አይታረምም። ለምሳሌ 3 በ4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉርድ ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ስካን ቢደረግ፣ ጥራቱን ጠብቆ ሊታተም የሚችለው በዚያው መጠን ብቻ ነው። በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ ከተወሰደ ግን 12 በ16 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሊታተም ይችላል። ጥቁርና ነጭ ምስል ቢሆንም በባለቀለም ዘዴ መውሰድ ይመከራል፤ የቡና ጠብታውን ወይም የቀለም እድፉን ከምስሉ ለመለየት ይረዳልና። ፋይሉም በቲፍ ዓይነት ቢቀመጥ ይሻላል። ጄፔግ የሚባለው የፋይል ዓይነት መጠኑን ለመቀነስ ሲል በተስተካከለና በተቀመጠ ቁጥር ከምስሉ መረጃ ይቀንሳል።

ቀጣዩ ሥራ የሚካሄደው በቅጂው ላይ ነው። ለዚህ ሥራ በስፋት ከሚታወቁት ፕሮግራሞች አንዱ በ1982 ዓ.ም ለገበያ የቀረበው ፎቶሾፕ ነው። ባለሙያው በቅድሚያ የብርሃኑንና የጥላውን ልዩነት ያስተካክላል፤ የደበዘዘው ፊት በአብዛኛው በዚህ ብቻ ተመልሶ ይታያል። ከዚያም ጭረቱንና ስንጥቁን ከአጠገቡ ካለው ጤናማ ክፍል በመውሰድ ይሸፍናል። ጋቢው ላይ ያረፈ ስንጥቅ ከጋቢው፣ ግድግዳው ላይ ያረፈውም ከግድግዳው ይሞላል። ዓይን፣ አፍንጫና አፍ ላይ ሲደርስ ግን እጁን ይሰበስባል፤ በዚያ ስፍራ የሚጨመር አንዲት ነጥብ የሰውየውን መልክ ትለውጣለችና።

ማኅተም ያረፈበትን ጉርድ ፎቶ በተመለከተ ጥንቃቄው ከዚህም ይበልጣል። ለለቅሶ በሚታተመው ቅጂ ላይ ማኅተሙን ማንሳት የሚነቀፍ አይደለም። መታወቂያውን ወይም በሠራተኛው የግል ማኅደር ውስጥ ያለውን ሰነድ ራሱን መፋቅ፣ ወይም የታደሰውን ምስል በሰነዱ ላይ መልሶ መለጠፍ ግን ሰነዱን ማስረጃነት ያሳጣል፤ በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል።

በቅርብ ዓመታት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ፕሮግራሞች በተንቀሳቃሽ ስልክ ጭምር መምጣታቸው ሥራውን አቅልሎታል። ሆኖም እነዚህ ፕሮግራሞች የጠፋውን አይመልሱም፤ ቀደም ሲል ከተማሩባቸው በርካታ ፊቶች በመነሳት ይመስላል ያሉትን ይስላሉ። በሰኔ 2012 ዓ.ም በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ፕሮግራም የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማን የደበዘዘ ምስል ተቀብሎ የነጭ ሰው ፊት አድርጎ ማውጣቱ ብዙ አነጋግሯል። በዓለም የታወቀ ፊት እንዲህ ከተለወጠ፣ አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ትታ ያለፈች የመንዝ ወይም የቡልጋ እናት መልክ ቢለወጥ ማን ያስተውላል? የልጅ ልጆቿ አያታችን ይህች ናት ብለው የሚያስቀምጡት ምናልባት ያልነበረች ሴት ምስል ሊሆን ይችላል።

ጥቁርና ነጭ ምስልን ቀለም መቀባትም ተመሳሳይ ችግር አለው። ሰሜን ሸዋ እነ ራስ አበበ አረጋይ ከጣሊያን ወራሪ ጋር የተዋጉበት ምድር ነው። በአንድ አርበኛ ደረት ላይ ያለው የሜዳይ ጥብጣብ ቀለም የሽልማቱን ዓይነት ያመለክታል። ፕሮግራሙ በግምት የቀባው ቀለም ግን ያልተሰጠ ሽልማት እንደተሰጠ ሊያስመስል ይችላል።

ከደብረ ብርሃን ብዙም የማትርቀው አንኮበር ለዚህ ጥሩ ትምህርት ትሰጣለች። ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ በነበሩበት ዘመን መናገሻ የነበረችው ይህች ከተማ የቀድሞው ቤተ መንግሥቷ ሳይፈርስ አልቆየላትም። በ1869 ዓ.ም በአቅራቢያዋ በልጥ ማረፊያ የምርምር ጣቢያ ያቋቋሙት ጣሊያናውያን ስለ አካባቢው ካስቀሯቸው መረጃዎች መካከል ፎቶግራፎችም ይገኙበታል። ሕንፃው በሌለበት ምስሉ ምስክር ነው። ምስሉን ለማሳመር ተብሎ አጥር ወይም ዛፍ ቢጠፋ ምስክርነቱም አብሮ ይጠፋል።

ጉዳዩ የሩቅ ዘመን ብቻም አይደለም። በ2013 ዓ.ም አጣዬ ከተማ ከፍተኛ ውድመት ደርሶባታል፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋሮቢት ደርሶ ነበር። ደብረ ብርሃንም በርካታ ተፈናቃዮችን አስጠልላለች። በጥድፊያ ከቤት ለወጣ ሰው በቦርሳው ውስጥ የቀረው ፎቶግራፍ ምትክ የለውም። ስለሆነም ከጉዳት በፊት ስካን አድርጎ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማስቀመጥ ከየትኛውም እድሳት የተሻለ መከላከያ ነው።

አዋጅ ቁጥር 179/1991 የአገሪቱ መዛግብት ተጠብቀው ለትውልድ እንዲተላለፉ የሚያስችል መሠረት ጥሏል። በየጽሕፈት ቤቱ የሚገኙ አሮጌ ፎቶግራፎችም በዚሁ መንፈስ ሊያዙ ይገባል። አሠራሩ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ዋናው ፎቶግራፍ በደረቅና ጨለማ ስፍራ ይቀመጣል፤ ያልተነካው ስካን ለብቻው ይያዛል፤ የታደሰው ቅጂ “የታደሰ” የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳስተካከለም በአጭሩ ይመዘገባል። ከጀርባው የተጻፈ ስም ወይም ቀን ካለም አብሮ ስካን ይደረጋል። በምስሉ ያሉትን ሰዎች የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ስማቸውን ጠይቆ መጻፍም ያስፈልጋል፤ ስም አልባ ሆኖ የቀረን ምስል የትኛውም ፕሮግራም ስሙን ሊመልስለት አይችልምና።