ሰኔና ሰኞ ሳይገጥም፤ የቆርቆሮ ነጋዴው የዓመት መዝጊያ ሒሳብ

ለአብዛኛው ነጋዴ ሰኔ መዝገብ የሚዘጋበት ወር ነው። ለቆርቆሮ ነጋዴው ግን መዝገብ መዝጊያም ገበያ ማሟሟቂያም ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሊያልቅ ሲቃረብ ክረምቱም ደጃፍ ላይ ይደርሳል። ጣራው የሚያፈስበት ነዋሪ፣ ግድግዳ አቁሞ ክዳን የቀረው ቤት ሠሪ፣ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆንበት የሚጣደፍ መሥሪያ ቤትና ሥራውን ከዝናቡ በፊት ለማስረከብ የሚሮጥ ተቋራጭ ሁሉም በአንድ ሰሞን የሕንፃ መሣሪያ መደብሮችን ደጃፍ ያጨናንቃሉ።

የቆርቆሮ ገበያ በዓመት ሁለት ጊዜ ይደራል። አንደኛው አዝመራ ተሰብስቦ ገበሬው እህሉን ወደ ገበያ ሲያወጣ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግድም ነው። ሁለተኛው ግንቦትና ሰኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሐምሌና ነሐሴ ይቀዘቅዛሉ፤ ግንባታ በወጉ የሚነሣው ከመስቀል ወዲያ ነው። በሰኔ ያልተሸጠ ቆርቆሮ ሦስት ወር ያህል ገንዘብ ይዞ ይተኛል። ያልተገዛ ቆርቆሮ ደግሞ ደንበኛን ለጎረቤት መደብር ያስረክባል። የነጋዴው ጭንቀት ያለው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው።

ምን ይገዛ?

የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይጠራል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ውፍረቱ ይቀንሳል። 35 ጌጅ ስስና ርካሽ ሲሆን 28 ጌጅ ወፍራምና ውድ ነው። አቅሙ ውሱን የሆነ ቤት ሠሪ ስሱን ሲመርጥ፣ መጋዘንና ትምህርት ቤት የሚሠራ ተቋራጭ ወፍራሙን ወይም ቀለም የተቀባውን ኢጋ ይጠይቃል። ስለዚህ ነጋዴው ከመግዛቱ በፊት ያለፈውን ዓመት የግንቦትና የሰኔ ደረሰኞች አውጥቶ በየጌጁ መለየት ይኖርበታል። በግምት የተገዛ ኢጋ በክረምት ገዢ አያገኝም።

በስም የተገዛው ጌጅ በሚዛን መረጋገጥ አለበት። 1 ካሬ ሜትር የብረት ላሜራ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ከሆነ 3.14 ኪሎ ግድም፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1.57 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ከጥቅሉ አሥር ቆርቆሮ አንሥቶ መመዘን የደቂቃዎች ሥራ ነው። ገዢና ሻጭ የሚያገናኝ ደላላም ይህን ቢያውቅ ኮሚሽኑን ያለ ጭቅጭቅ ይቀበላል።

ከቆርቆሮው ጋር የቆርቆሮ ሚስማር፣ አሸንዳና የጣራ ጫፍ መክደኛ አብረው ካልተገኙ ገዢው ሁሉን ወደሚያገኝበት ይሄዳል።

የዱቤ ትርፍ

የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ቆርቆሮ የሚያወጡት በአብዛኛው ከውጭ ከሚገባ ጥቅል ላሜራ ነው። የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ሰሞን በቀድሞው ዋጋ በዱቤ የሸጠ ነጋዴ ገንዘቡ ቢመለስለትም ዕቃው አልተመለሰለትም።

ሒሳቡ በምሳሌ ሲታይ ይህን ይመስላል። አንድ ነጋዴ 500 ቆርቆሮ በ800 ብር ገዝቶ በ840 ብር በሦስት ወር ዱቤ ሸጠ እንበል። 400 ሺህ ብር አውጥቶ 420 ሺህ ብር ይሰበስባል። ገንዘቡ እጁ ሲገባ የፋብሪካው ዋጋ 880 ብር ከደረሰ ግን በ420 ሺህ ብር የሚገዛው 477 ቆርቆሮ ብቻ ነው። በወረቀት 20 ሺህ ብር አትርፏል፤ በመጋዘኑ ግን 23 ቆርቆሮ ጎድሎበታል። ግብሩም የሚሰላው በወረቀቱ ትርፍ ላይ ነው።

መፍትሔው ዱቤን ጨርሶ መዝጋት አይደለም፤ የክፍለ ሀገር ነጋዴ ያለ ዱቤ አይንቀሳቀስም። የዱቤውን ጊዜ ማሳጠር፣ ቀብድ መቀበልና የሽያጩን ዋጋ ዕቃው በተገዛበት ሳይሆን በሚተካበት ዋጋ ማስላት ግን ይቻላል። ወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክም እንደ ዋስትና ብቻ መታየት የለበትም፤ ስንቅ የሌለው ቼክ ነጋዴውን ሽያጭ ትቶ ፍርድ ቤት እንዲመላለስ ያደርገዋል። ለመሥሪያ ቤት የሚሸጥ ደግሞ ርክክቡን ከሰኔ 30 አስቀድሞ ቢጨርስ ይሻላል፤ ዓመቱ ከዞረ ክፍያው ሊጓተት ይችላል።

መጋዘኑ

ቆርቆሮ ዝናብን ለመከላከል ቢሠራም ተደራርቦ ከረጠበ ይበላሻል። በሁለት ቆርቆሮዎች መካከል የገባ ውኃ አየር ስለማያገኝ የዚንኩን ልባስ ነጭ ዝገት ያደርገዋል። መልኩ የጠፋ ቆርቆሮ በሙሉ ዋጋ አይሸጥም። ስለዚህ ጥቅሉ ከመሬት ከፍ ብሎ በሞራሌ ላይ ይቀመጥ፤ አንድ ጎኑ ትንሽ ያዘንብል፤ ከኖራ፣ ከጨውና ከማዳበሪያ ይራቅ። በመንገድ የረጠበ ጭነት ሲደርስ ተለያይቶ ይድረቅ እንጂ እንዳለ አይቆለል።

የሰኔ 30 ቆጠራ

የመጨረሻው ሥራ ቆጠራ ነው። የቀረው ዕቃ በየጌጁና በየርዝመቱ ተቆጥሮ መመዝገብ አለበት፤ የተበላሸውም ለብቻው ይያዝ። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ሒሳቡን የሚያሳውቀው ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ቢሆንም፣ ቆጠራው ለጥቅምት ከተተወ ሐምሌና ነሐሴ የተሸጠው ከአሮጌው ጋር ይደባለቃል። ያልተቆጠረ ዕቃ ትርፍን አዛብቶ ያሳያል፤ ነጋዴውም ከመስቀል በኋላ ለሚነሣው ገበያ ምን ያህል ማዘዝ እንዳለበት አያውቅም።