የኢንተርኔት ስልክ አዳፕተርና ገመድ አልባ ስልክ፦ ጥፋቱ ከየትኛው ወገን ነው?

የቴሌፎን መስመር ትምህርት በክፍላችን ብዙም ተወዳጅ አይደለም። ሁለት ሽቦ፣ 48 ቮልት፣ የደወል ሲግናል፣ ሃይብሪድ… ‹‹ይሄ ሁሉ ያረጀ ነገር ለምን ይጠቅመናል? አሁን ሁሉም ሞባይል ይዟል›› የሚል ጥያቄ ከኋላ ወንበር አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙዎቻችን ዘመድ ካለን አገር፣ ከአሜሪካ ቤቶች ይመጣል። እዚያ መደበኛውን የመዳብ መስመር አስቆርጠው በኢንተርኔት የሚሠራ የቤት ስልክ የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ስልኩ እምቢ ሲላቸው ታዲያ በቴሌግራም ጽፈው የሚጠይቁት ‹‹ኢንጂነር›› የሚሉትን የቤተሰቡን ተማሪ ነው። ያ ሰው ከእኛ አንዱ መሆኑ አይቀርምና ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው።

በመጀመሪያ፣ አዳፕተር ስንል የላፕቶፕ ቻርጀር ዓይነቱን የመብራት መቀየሪያ ማለታችን አይደለም። እዚህ የምናወራው የእጅ መዳፍ ስለምታክል ሳጥን ነው። በአንድ ጎኗ ከራውተሩ የሚመጣ የኔትወርክ ገመድ ይገባል፤ በሌላ ጎኗ ቀጭኑ የስልክ ገመድ ይወጣል። ሥራዋ ማስመሰል ነው ማለት ይቻላል። ለስልኩ የቴሌ ማዞሪያ ጣቢያ ትመስላለች፤ ለኢንተርኔቱ ደግሞ እንደ አንድ ኮምፒውተር ትቀርባለች። ስልኩን ስናነሳ የምንሰማውን ዳያል ቶን (በአሜሪካ የ350 እና የ440 ኸርዝ ድምር ነው) የምታመነጨው እሷ ናት። ሰው ሲደውልልን ደወሉን የሚያስጮኸውን 20 ኸርዝ አካባቢ የሆነ ተለዋዋጭ ቮልቴጅ በሽቦው ላይ የምትልከውም እሷው ናት። ድምፃችንን በሰከንድ 8000 ጊዜ እየለካች ወደ ቁጥር ትለውጥና፣ በተለመደው አሠራር በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ፓኬት ትልካለች። ይህም በእያንዳንዱ አቅጣጫ በሰከንድ 50 ፓኬት ማለት ነው።

በዚህ ላይ ገመድ አልባ ስልክ ሲጨመር ሰንሰለቱ ይረዝማል። ከአገልግሎት ሰጪው ሰርቨር ወደ ሞደም፣ ከሞደም ወደ ራውተር፣ ከራውተር ወደ አዳፕተር፣ ከአዳፕተር በስልክ ገመድ ወደ ቤዙ (እጀታው ቻርጅ የሚደረግበት ዋናው ማስቀመጫ)፣ ከቤዙ ደግሞ በሬዲዮ ሞገድ ወደ እጀታው። በዚህ ሁሉ መሀል የትኛውም ቦታ ሊበጠስ ይችላል። የሚያናድደው ነገር ሁሉም የየራሱ አረንጓዴ መብራት ያለው መሆኑ ነው፤ ሁሉም ‹‹እኔ ደህና ነኝ›› ይላል። እጀታው ላይ የሚታየው የአንቴና ምልክት እጀታው ቤዙን ማግኘቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ስለ ኢንተርኔቱ ምንም አያውቅም።

ስለዚህ ሰንሰለቱን ከጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ ከመፈተሽ፣ መሀሉ ላይ ለሁለት መክፈል ይሻላል። መክፈያው መሣሪያ ርካሽ ባለ ገመድ ስልክ ነው፤ ስክሪን የሌለው፣ መብራት ላይ የማይሰካ፣ የድሮው ዓይነት። የቤዙን ገመድ ከአዳፕተሩ ንቀሉና በምትኩ ይህን ስልክ ሰኩት። እሱ በደንብ ከሠራ አዳፕተሩም፣ ራውተሩም፣ ኢንተርኔቱም ነፃ ናቸው፤ ጥፋቱ ከቤዙ ወዲህ ነው። እሱም ያንኑ ችግር ካሳየ ግን ገመድ አልባው ስልክ በከንቱ ተወቅሷል ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ነው፤ ሆኖም ሲደረግ አይታይም። ብዙ ሰው የሚያደርገው አዲስ ገመድ አልባ ስልክ መግዛት ነው።

አክስቴም ያደረገችው ይህንኑ ነው። የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቀን ቀን እሷና ባለቤቷ ሥራ ሲውሉ ቤት የሚቆዩት የባለቤቷ እናት፣ እማማ ናቸው። እማማ ሞባይል አይወዱም፤ የቤቱን ስልክ ግን ያውቁበታል። ከቤቱ ደውለው ማንንም ያገኛሉ፤ ችግሩ ከውጭ ሲደወልላቸው ነበር። አንዳንዴ ይጮኻል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ደዋዩ ቀጥታ የድምፅ መልእክት ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ለመለወጥ ደውሎ ‹‹አላገኘናቸውም›› ብሏል። አክስቴ ከሥራ ቦታ ደውላ መልስ ባጣች ቁጥር ‹‹እማማ ወድቀው ይሆን?›› እያለች ፈቃድ ትጠይቃለች። የስልክ አገልግሎቱ ሰዎች ‹‹ኢንተርኔትሽ ነው›› አሏት፤ የኢንተርኔቱ ሰዎች ‹‹ስልክሽ ነው›› አሏት። ባለ ሦስት እጀታ አዲስ ስልክ ተገዛ። ለውጥ የለም።

ባለ ገመድ ስልክ ከጎረቤት ተዋሱና አዳፕተሩ ላይ ሰኩት። እሱም አልጮኸም። አዲሱም አሮጌውም ስልክ በዚህ ነፃ ወጡ። ቀጥሎ አዳፕተሩን ከመብራት ነቅለው መለሱት፤ ወዲያው ሲደወል ጮኸ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲደወል እንደገና ዝም።

ይህ ‹‹ሲነሳ ይሠራል፣ ቆይቶ ይደነቁራል›› የሚለው ምልክት ለኔትወርክ ተማሪ ብዙ ይናገራል። አዳፕተሩ የቤቱ ውስጥ አድራሻ ነው ያለው፤ ከውጭ በቀጥታ አይታይም። ሲነሳ ወደ ሰርቨሩ ‹‹እዚህ ነኝ›› የሚል የምዝገባ መልእክት ይልካል፤ ራውተሩም ለዚያ መልእክት መመለሻ የሚሆን ጊዜያዊ በር ይከፍታል። ብዙ ራውተሮች ግን በበሩ የሚያልፍ ነገር ሲያጡ ከ30 ሰከንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ባለው ጊዜ ይዘጉታል። አዳፕተሩ በድጋሚ የሚመዘገበው ለምሳሌ በየ3600 ሰከንዱ ከሆነ፣ በመሀል ያለውን ጊዜ ሁሉ በሩ ተዘግቶ ይቆያል። ከውስጥ ሲደወል አዳፕተሩ ራሱ አዲስ በር ስለሚከፍት ችግሩ አይታይም። ለዚህ ነው እማማ መደወል የሚችሉት፣ ሰው ግን እሳቸውን ማግኘት ያቃተው።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አዳፕተሩ በየ20 ሰከንዱ ገደማ ትንሽ ‹‹አለሁ›› የምትል ፓኬት እንዲልክ ማድረግ፤ በማስተካከያ ገጹ ላይ ‹‹ኪፕ አላይቭ›› የሚባለው ነው። ሁለተኛ፣ ራውተሩ ላይ ‹‹ሲፕ ኤ.ኤል.ጂ›› የሚባለውን አማራጭ ማጥፋት። ይህ አማራጭ የስልክ መልእክቶችን ከፍቶ አድራሻቸውን ‹‹ላርምላችሁ›› የሚል ነው፤ ሐሳቡ መልካም ቢሆንም በብዙ የቤት ራውተሮች ላይ ከማቃናት ይልቅ ሲያበላሽ ይገኛል። አንደኛው ወገን ብቻ የሚሰማበት ጥሪም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ከአድራሻ ጣጣ ይመጣል፤ ምክንያቱም ጥሪውን የሚያቀናጀውና ድምፁን የሚሸከመው ፓኬት በተለያየ በር ነው የሚያልፉት። በአክስቴ ቤት ሁለቱም ተስተካከሉ፤ ስልኩም ከዚያ ወዲህ ይጮኻል።

የማስተካከያ ገጹን ለማግኘት የአዳፕተሩ አይፒ አድራሻ ያስፈልጋል። አዳፕተሩ ራሱ በድምፅ ይናገራል። ግራንድስትሪም ኤች.ቲ 801 እና 802 ላይ ኮከብ ምልክቱን ሦስት ጊዜ ተጭኖ ከዚያ 02 ማለት ነው። በድሮው ሊንክሲስ ፓፕ 2 ላይ ደግሞ ኮከቡን አራት ጊዜ፣ ከዚያ 110 እና መሰላል ምልክቱን።

ወደ ስልኩ ወገን እንምጣ። እዚህ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ተራ ነገር ነው። የስልኩ ጠባብ ሶኬት ከኔትወርኩ ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ገብቶም ምንም አይሠራም። አንዳንድ አዳፕተር ‹‹ፎን›› እና ‹‹ላይን›› የሚሉ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት፤ ቤዙ መሰካት ያለበት ‹‹ፎን›› ላይ ነው። ‹‹ላይን›› ከውጭ ለሚመጣ መስመር የተሠራ ስለሆነ ቮልቴጅ አይሰጥም። ቤዙ መስመር መኖሩን የሚያውቀው በሽቦው ላይ ባለው ቮልቴጅ ነው፤ ቮልቴጅ ሲያጣ እጀታው ላይ ‹‹መስመሩን ፈትሽ›› ወይም ‹‹መስመር የለም›› የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ሰው ይህን አይቶ ኢንተርኔቱን ይረግማል፤ መጀመሪያ መታየት ያለባት ግን ያቺ አጭር ገመድ ናት።

አንድ አደገኛ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በአሜሪካ የቆዩ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ የስልክ ሽቦ ተዘርግቷል። ሁሉንም ክፍል በአንዴ ለማዳረስ ብለው አዳፕተሩን ግድግዳው ላይ የሚሰኩ አሉ። የድሮው ኩባንያ መስመር ቤቱ ውጭ ካለችው ሳጥን ካልተነቀለ የእሱ 48 ቮልትና የአዳፕተሩ ቮልቴጅ ይጋጫሉ፤ አዳፕተሩ ሊቃጠል ይችላል። ገመድ አልባ ስልክ ላለው ሰው ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም እኮ! ሦስትም ሆነ አምስት እጀታ ቢኖር አዳፕተሩ ላይ የሚሰካው አንድ ቤዝ ብቻ ነው፤ የቀሩት በሬዲዮ ይገናኛሉ።

ሬዲዮውን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ስልኮች ላይ የሚጻፈው ‹‹ዴክት 6.0›› የንግድ ስም እንጂ 6 ጊጋ ኸርዝ ማለት አይደለም። የሚሠራው ከ1920 እስከ 1930 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ከዋይፋይ ጋር አይጋጭም። የሚጋጩት የቀድሞዎቹ ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዝ ስልኮች ናቸው፤ እነሱ በማይክሮዌቭ ምድጃም ይረበሻሉ። ድምፅ ሲቆራረጥ እጀታውን ይዞ ቤዙ አጠገብ መቆም ነው፤ ከጠራ ችግሩ የርቀት ወይም የግድግዳ ነው። እጀታው በጥሪ መሀል ቢጠፋ ደግሞ ባትሪውን መጠርጠር ይገባል። ቻርጅ የሚደረግ ባለ 1.2 ቮልት ባትሪ ነው የሚገባው፤ ተራውን የሱቅ ባትሪ ከተው ቤዙ ላይ ማስቀመጥ ባትሪው እንዲፈስ ወይም እንዲፈነዳ ሊያደርግ ይችላል።

ቤዙ አጠገብ ቆመንም ከተቆራረጠስ? ማን ነው ቁርጥርጥ የሚሰማው ብሎ መጠየቅ ይጠቅማል። እኛን የሚሰማን ሰው ከተቸገረ መንገዱ የታፈነው ወደ ውጭ በሚላከው በኩል ነው። ሳይጨመቅ የሚላክ ድምፅ ከነማሸጊያው በሰከንድ 87 ኪሎ ቢት ገደማ ነው የሚፈልገው፤ ይህ እጅግ ትንሽ ነው። ነገር ግን ከቤቱ ሌላ ሰው ትልቅ ቪዲዮ ሲጭን የድምፅ ፓኬቶቹ ከኋላው ወረፋ ይይዛሉ። ‹‹የእኛ ኢንተርኔት እኮ ፈጣን ነው›› የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም፤ ድምፅ የሚፈልገው ወቅቱን ጠብቆ መድረስን ነው። ራውተሩ ላይ ለአዳፕተሩ ቅድሚያ መስጠት መፍትሔ ነው።

ማስተጋባት ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የራሴ ድምፅ ተመልሶ ከተሰማኝ ጥፋቱ በአብዛኛው የእኔ ስልክ ሳይሆን የወዲያኛው ሰው ነው። ከሁለት ሽቦ ወደ አራት ሽቦ የሚለውጠው ሃይብሪድ ኢምፒዳንሱ ሳይገጥም ሲቀር የመጣለትን ድምፅ ከፊሉን መልሶ ይልካል። አዳፕተራችን ውስጥም ያው ሃይብሪድ አለ፤ ስለዚህ ‹‹ድምፄ ይመለሳል›› እያለ የሚያማርረው የደወልንለት ሰው ከሆነ፣ መስተካከል ያለበት የእኛ አዳፕተር የድምፅ መጠን ነው።

ወደ አገር ቤት ለሚደውሉ ሁለት ነገር ልጨምር። ከአሜሪካ ወደ ኢትዮጵያ ሲደወል 011፣ ከዚያ 251፣ ከዚያ ዘጠኝ አሃዝ፣ በጠቅላላው 15 አሃዝ ይሆናል። የአዳፕተሩ የአደዋወል ሕግ ለአገር ውስጥ 11 አሃዝ ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ቁጥሩን መሀል ላይ ቆርጦ ይልከዋል፤ ሌላው ጥሪ ሁሉ ሠርቶ የአገር ቤቱ ብቻ እምቢ ካለ ይህን ማየት ነው። የስልክ ካርድ ተጠቅሞ የሚስጥር ቁጥሩ ‹‹ልክ አይደለም›› ከተባለም ካርዱ ላይኖርበት ይችላል። እያንዳንዱ ቁልፍ የሁለት ቃና ድምር ነው፤ ለምሳሌ 1 ቁጥር 697 እና 1209 ኸርዝ ነው። ድምፅን በሚጨምቅ ኮዴክ ውስጥ እነዚህ ቃናዎች ይበላሻሉ፤ ስለዚህ አሃዞቹ ከድምፁ ተለይተው እንዲላኩ ማድረግ ያስፈልጋል።

የመጨረሻው የ911 ጉዳይ ነው፤ ቀን ብቻቸውን ለሚውሉ አዛውንት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2005 የኢንተርኔት ስልክ አገልግሎት ሰጪዎች የ911 ጥሪን እንዲያደርሱ አዟል። ይሁንና አምቡላንሱ የሚመጣው ደንበኛው ባስመዘገበው አድራሻ ነው። ቤት ቀይሮ አዳፕተሩን ይዞ የሄደ ሰው አድራሻውን ካላደሰ እርዳታው ወደ ድሮው ቤት ይሄዳል። ለሙከራ ብሎ 911 መደወል አይገባም፤ በብዙ አገልግሎት ሰጪዎች ዘንድ 933 ሲደወል የተመዘገበውን አድራሻ በድምፅ ያነባል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሞደሙ፣ ራውተሩ፣ አዳፕተሩና ቤዙ አራቱም አብረው ይጠፋሉ። ሦስቱን በዩ.ፒ.ኤስ ማቆየት ይቻላል። አራተኛውን ለመተካት ያቺ የመፈተሻዋ ባለ ገመድ ስልክ በማከፋፈያ ሶኬት ከቤዙ ጎን አዳፕተሩ ላይ እንደተሰካች ብትቀር ይበቃል፤ የምትፈልገውን ኃይል ከአዳፕተሩ ታገኛለች።