ለአዲስ ዓሣ አስጋሪዎች የሚሰጥ መሣሪያ አመራረጥ

በድርቅ ምክንያት ከብትና እህል ያጡ ወገኖችን በሐይቅ ዳር መልሶ ለማቋቋም ሲታሰብ፣ ዓሣ ማስገር በአጭር ጊዜ ምግብም ገንዘብም የሚያስገኝ ሥራ ሆኖ ይታያል። በአዳማ አቅራቢያ የቆቃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ባቱ ከተማ ላይ ዝዋይ፣ ከዚያም ላንጋኖ ይገኛሉ። ሆኖም የሥራው ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው አስጋሪው ውኃ ውስጥ ሳይገባ፣ ገና የግዥው ዝርዝር ሲዘጋጅ ነው።

ከውጭ አገር ከሚመጡት የጀማሪ መመሪያዎች ብዙዎቹ የተጻፉት ባስ ለሚባለው የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ባስ ትናንሽ ዓሦችን እያሳደደ የሚበላ በመሆኑ ዘንግ፣ የክር መጠቅለያና የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ማታለያ ይታዘዝለታል። የእኛ ቆሮሶ ግን በአመዛኙ በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ ይመገባል፤ ብረት አያሳድድም። እንዲህ ያለውን ዕቃ ለቆሮሶ አስጋሪ ማደል መጋዘን ከማጣበብ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

አምባዛ የተለየ ጠባይ አለው። በሐይቁ ወለል አጠገብ፣ በተለይም በሌሊት፣ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ዓሣ ነው። ስለዚህ በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ብዙ አጫጭር ክሮች ከነመንጠቆዎቻቸው ታስረው ምሽት ላይ ይዘረጋሉ፤ ንጋት ላይ ይሰበሰባሉ። የትንሽ ዓሣ ቁራጭ ወይም የከብት ሆድ ዕቃ ለማጥመጃ ምግብነት ይበቃል። ዋጋው አነስተኛ፣ ጥገናው ቀላል ነው፤ መንጠቆው ተለቅ ካለ ጫጩት ዓሣ አይይዝም። ለጀማሪ ቤተሰብ የመጀመሪያው መሣሪያ ይህ ቢሆን ይመረጣል።

ቆሮሶን ለመያዝ የግድ መረብ ያስፈልጋል፤ ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚጠይቀውም እዚህ ላይ ነው። የመረቡ ዓይን የሚለካው ተወጥሮ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ነው። ዓይኑ ከጠበበ ገና ያልወለደው ዓሣ ይያዛል። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ፣ አንዲት እናት ስትያዝ ልጆቿም አብረው ይጠፋሉ። ወደ ዳር የሚጎተተው መረብ ደግሞ ዓሣው የሚራባበትን ሣራማ ጥልቀት የለሽ ውኃ ስለሚያርስ ለአዲስ ሰፋሪ ባይሰጥ ይሻላል። በገበያ በርካሽ የሚገኘው እንደ ፕላስቲክ የሚያንጸባርቀው ባለ ነጠላ ክር መረብ ቶሎ ይቀደዳል፤ ተቆርጦ ሐይቁ ውስጥ ሲቀርም ባለቤት ሳይኖረው ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደው የናይለን መረብ በዋጋ ቢወደድም በእጅ ይጠገናል። ስለሆነም ከመረቡ ጋር የመጠገኛ ክርና መርፌ አብሮ መታደል ይኖርበታል፤ ያለዚያ በመጀመሪያው ቀዳዳ ቤተሰቡ ወደ እርዳታ እህል ይመለሳል።

የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከግዥ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤትና በባቱ የሚገኘውን የዓሣ ምርምር ማዕከል ስለ ዓይን ስፋትና ስለ ፈቃድ ማማከር ይገባል። በዝዋይ ደሴቶች የሚኖሩት የዛይ ሕዝቦች ከቀድሞ ጀምሮ በሐይቁ የኖሩ በመሆናቸው፣ ነፋስ የሚነሣበትን ሰዓትና ጉማሬ የሚበዛበትን ዳርቻ ለጀማሪው ቢያሳዩት ከብዙ ቀን ሥልጠና ይልቅ ይጠቅማል።

ዓሣ በቆላ ሙቀት በጥቂት ሰዓታት ይበላሻል። በዐቢይ ጾም ፈላጊው ስለሚበዛ ሥራው ከዚያ ቀደም ብሎ ቢጀመር፣ የዓሣ ማውረጃው ቦታም ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ከሚወስደው መንገድ ባይርቅ ይመረጣል።