ሞተሩ የት ላይ እንዲተነፍስ እንፈልጋለን? ለስፖርት ኤቲቪ ካምሻፍት ስለ መምረጥ



የዛሬው ገለጻ የሚያተኩረው በአንድ የሞተር ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ በካምሻፍት። ለማሳያነት የምወስደው በ2006 ሞዴልነት የቀረበውን ያማሃ ራፕተር 700 የተባለ ባለአራት ጎማ የስፖርት ሞተር ብስክሌት፣ ማለትም ኤቲቪ፣ ነው። ሞተሩ ባለአንድ ሲሊንደር በመሆኑ የቫልቮቹ ሥራ ጉድለትም ሆነ ብርታት በሌላ ሲሊንደር ሳይሸፈን በግልጽ ይታያል። የሲሊንደሩ ስፋት 102 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 84 ሚሊሜትር፣ ይዘቱ 686 ሲሲ፣ የእመቃ ምጥጥኑ 9.2 ለ1 ነው። አራቱን ቫልቮች የሚያንቀሳቅሰው አንድ ካምሻፍት ነው።

በገበያው ልማድ የተሻሻሉ ካምሻፍቶች «ደረጃ 1»፣ «ደረጃ 2» እየተባሉ ይሸጣሉ። ይህ አጠራር ገዢው ትልቁን ቁጥር ከተሻለ ዕቃ ጋር እንዲያመሳስል ይጋብዛል። ቁጥሩ ግን የጥራት ማዕረግ አይደለም፤ የሚነግረን ሞተሩ በየትኛው ዙር ላይ በደንብ እንዲተነፍስ እንደ ተቀረጸ ነው። ስለዚህ ካምሻፍት የሚመርጥ ሰው፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የሚመርጠው ዙር ነው።

የካምሻፍት ጉብታ ሦስት ነገሮችን ይወስናል፤ ቫልቩ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ለምን ያህል ዲግሪ ክፍት እንደሚቆይ፣ መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ። ከእነዚህ ሁሉ በእኔ ግምት ከፍተኛውን ትኩረት የሚሻው የማስገቢያው ቫልቭ የሚዘጋበት ቅጽበት ነው፤ በማስታወቂያዎች ላይ ጎልቶ የሚጻፈው ግን የቫልቩ ከፍታ ነው።

ፒስተኑ ታች ደርሶ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ በኋላም የማስገቢያው ቫልቭ ለጥቂት ጊዜ ክፍት ይቆያል። ይህ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። በመተላለፊያው ውስጥ የሚገሰግሰው አየር እንደ ማንኛውም ቁስ እንቅስቃሴውን ለመቀጠል ስለሚያዘነብል፣ ፒስተኑ እየመጣበትም ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ይቀጥላል። ዙሩ ሲጨምር ግስጋሴው ስለሚበረታ ቫልቩን አዘግይቶ መዝጋት ትርፍ ያስገኛል። ዙሩ ዝቅ ሲል ግን አየሩ ያን ጉልበት ያጣል፤ ፒስተኑም የገባውን አየር ወደ መጣበት መልሶ ይገፋዋል።

ጉዳዩን በቁጥር እንየው። የቢየላውን ርዝመት ለስሌት ያህል 140 ሚሊሜትር እናድርግ። ቫልቩ ፒስተኑ ታች ከደረሰ ከ60 ዲግሪ በኋላ ቢዘጋ፣ ለእመቃ የሚቀረው የፒስተን ጉዞ 68 ሚሊሜትር ገደማ ነው። መዝጊያው ወደ 75 ዲግሪ ቢዘገይ ይህ ጉዞ ወደ 59 ይወርዳል። በወረቀት ላይ 9.2 የሆነው ምጥጥን በመጀመሪያው ሁኔታ በተግባር 7.6፣ በሁለተኛው 6.7 ይሆናል ማለት ነው። የጠፋውን ለመመለስ ፒስተኑን ቀይሮ የወረቀቱን ምጥጥን ወደ 10.4 ማድረስ ያስፈልጋል። ረጅም ቆይታ ያለውን ካምሻፍት ገዝቶ ፒስተኑን የማይነካ ሰው በዝቅተኛ ዙር የሚያገኘው ከፋብሪካው የደከመ ሞተር ነው።

አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፦ አምራቾች ቆይታን የሚለኩት በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። አንዱ ቫልቩ ከመቀመጫው ከተነሳበት ይጀምራል፤ ሌላው 1 ሚሊሜትር ከፍ ካለበት። መለኪያው ካልታወቀ ሁለት ካምሻፍቶችን ማነጻጸር አይቻልም።

«ታዲያ ዙሩን ከፍ አድርጎ መንዳት አይቻልም ወይ?» ትሉ ይሆናል። እዚህ ላይ የምቱ ርዝመት ይገድበናል። በ9,000 ዙር የራፕተሩ ፒስተን አማካይ ፍጥነት በሰከንድ 25.2 ሜትር ነው። ምቱ 63.4 ሚሊሜትር የሆነው የዚያው አምራች ዋይኤፍዜድ 450አር በተመሳሳይ ዙር 19 ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ የራፕተሩን ፍጥነት የሚያገኘው 12,000 ዙር ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ኃይልን ወደ ላይኛው ዙር የሚያሸጋግር ካምሻፍት ለአጭር ምት ሞተር የሚስማማውን ያህል ለረጅም ምት ሞተር አይስማማም። የራፕተሩ ጸጋ ከመካከለኛው ዙር የሚመጣው ቶርክ ነው፤ እርሱን ሸጦ ጫፉ ላይ ጥቂት የፈረስ ጉልበት መግዛት ለብዙው ነጂ ኪሳራ ይመስለኛል።

ለብዙው ነጂ አልሁ እንጂ ለሁሉም አላልሁም። በካሊፎርኒያው ኢምፔሪያል የአሸዋ ክምር ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻው ይዞ ዳገት ለሚወጣ ሰው ሞተሩ ከላይኛው ዙር ስለማይወርድ ረጅሙ ቆይታ ትርጉም አለው። በዛፎች መካከል በጠባብ መንገድ ለሚነዳ ግን ጉዳዩ የፍጥነት ብቻ አይደለም። ታች ደክሞ ድንገት የሚነሳ ኃይል የኋላ ጎማዎችን በመታጠፊያው መካከል ሊያስለቅቅ ይችላል፤ ተሽከርካሪው የሚገለበጠውም እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ለዚህ ነጂ የቫልቩን ከፍታ በመጠኑ ጨምሮ ቆይታውን ከፋብሪካው ብዙ የማያርቅ ካምሻፍት እመርጣለሁ።

ምርጫው ከተወሰነ በኋላ የቫልቭ ሞላዎችን መርሳት አይገባም። ቫልቩን ከጉብታው ጋር ለማስከተል የሚያስፈልገው ኃይል በዙሩ ካሬ ስለሚያድግ፣ ገደቡን ከ8,000 ወደ 9,000 ማሳደግ ኃይሉን በ27 ከመቶ ገደማ ይጨምረዋል። ሞላው ካልቻለ ቫልቩ ጉብታውን ይለቅና ከፒስተኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ባለአንድ ሲሊንደር ሞተር ደግሞ ተረፈ የሚባል ሌላ ሲሊንደር የለውም። ከመግጠም በፊት በፒስተኑ አናት ላይ የሚለጠፍ ለስላሳ ጭቃ አድርጎ፣ ቴስታታውን መልሶ አስሮ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞርና የተጨፈለቀውን ጭቃ ውፍረት ከአምራቹ ዝቅተኛ ክፍተት ጋር ማመሳከር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የነዳጅ መርጫው ሠንጠረዥም ለአዲሱ የአየር መጠን እንደገና መስተካከል አለበት።

ከተሰብሳቢው የቀረበ ጥያቄ፦ ይኸው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ቢነዳ ምርጫው ይለወጣል?

መልስ፦ አዎን፣ ይለወጣል። እዚህ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በሳሳው አየር ላይ መዝጊያውን ካዘገየን ሲሊንደሩ በሁለት ወገን ይራባል። ስለዚህ አጭር ቆይታ ያለውን ካምሻፍት ይዤ የእመቃ ምጥጥኑን ከፍ ማድረግን አስቀድማለሁ። ግን ይህ ሞተር ወደ አዋሽ ወይም ወደ አፋር ቢወርድ ግፊቱ ስለሚጨምር ነዳጁ ራሱን የማቀጣጠል፣ መካኒኮች ማንኳኳት የሚሉት፣ አደጋ አብሮ ይመጣል። ምጥጥኑ መሰላት ያለበት ሞተሩ በሚደርስበት ዝቅተኛ ስፍራ ነው።